የልኬት ወረቀቱ ጀርባ

ስልኩ ሲጠራ ቫዝሊን እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ነበር። በአፍንጫዋ ጫፍ ነካ አድርጋ አነሳችው።

«አንቺ ልጅ፣ ጉድ ፈልቷል!» የጎረቤቷ ወይዘሮ ሾፌር ነው፤ ጋሽ ፍሬን። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአርባ በላይ ነድቶ ስለማያውቅ ነው ይሄ ስም የወጣለት። «መኪናዋ ሞተች!»

«የቷ መኪና?»

«ቢጫዋ ናታ! አንቺ የሠራሻት። ልጁ ዛሬ ጠዋት ገባ። ሻንጣውን እንኳ ሳያሳርፍ ቁልፏን ቢያዞር ኡኡ ትላለች እንጂ አልነሳ አለች። እትዬ ደግሞ ‹ያቺ ልጅ ተጫወተችብን› እያሉ በረንዳውን ይዞሩታል። ቶሎ ነይ፣ እባክሽ።»

ከዚህ ሁሉ ወሬ ቫዝሊን የሰማችው አንዲቷን ነው። ልጁ ገባ የምትለዋን።

ስልኩ ከተዘጋም በኋላ እዚያው ቆማ ቀረች። አሥራ አራት ወር ስትጠብቀው የኖረችው ሰው፣ እሷ ጋ ቀድሞ የደረሰው በክስ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ልጅቷ እንጨዋወት። «ቫዝሊን» ያለቻት ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለችው ባትሪ ሻጭ ናት። ሴትዮዋ ዓይኗ አያርፍም። አንድ ቀን ይህቺ ልጅ ከፋርማሲ አራት ትልልቅ ቫዝሊን ታቅፋ ስትገባ አየችና፣ «መካኒኳ መቆነጃጀት ጀመረች፣ ነገር አለ» ብላ መንደሩን አዳረሰችው። ለካ ልጅቷ የምትቀባው ፊቷን ሳይሆን ሞተር ነው!

የቢጫዋ ሞተር እንደ ሌላው መኪና ፒስተን የሚባል ነገር የለውም። ላይ ታች አይልም። ሆዱ ውስጥ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች ይሽከረከራሉ፤ በየማዕዘናቸው ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ ምላጭ የቀጠነች ብረት ከሥሯ ሞላ ተደርጎላት ትሰካለች። ስድስት ምላጭ ናቸው። ሞተሩ ሲገጠም ተንሸራተው ዱብ ዱብ ይላሉ፣ ስለዚህ በቫዝሊን ይጣበቃሉ። በኋላ ሞተሩ ሲሞቅ ቫዝሊኑ ቀልጦ ይጠፋል። ይሄን ሥራ በሰፈሩ የሚችለው አባቷ ብቻ ነበር። እሱም ካረፈ አምስት ዓመቱ።

ከዚያ ወዲህ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍል ብቻዋን ናት። ሬዲዮዋን ከፍታ ትተዋለች፤ የምትሰማው ነገር ኖሮ ሳይሆን የሰው ድምፅ እንዲኖር። ሁለት ሰሃን አላት። በአንዱ ትበላና ሁለቱንም ታጥባለች።

ሰውየው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። ካፒቴንም አይደለም፤ የመርከብ ሞተር ጠባቂ ነው፤ ግን ባሕር ላይ የሚሠራ ሁሉ ለሰፈሩ ካፒቴን ነው። የሟቹ ትልቅ የሕንፃ ተቋራጭ ልጅ ነው፤ የእነሱ ግቢ አጥር ከጋራዡ እስከ አስፋልቱ ይዘልቃል። ቢጫዋን በጭነት መኪና አስጭኖ አምጥቶ፣ «መንገድ ላይም እንድሄድባት፣ የውድድር ሜዳ ላይም እንድሮጥባት አድርገሽ ሥሪልኝ» አላት።

«ለሜዳው ካጠበቅኳት መንገድ ላይ ወገብህን ትቆርጠዋለች። ለመንገዱ ካላላኋት ሜዳ ላይ ታሳፍርሃለች።»

«መሃሉን ፈልጊልኝ።»

«መሃሉ ጊዜ ይፈጃል።»

«እኔም ባሕር ላይ ነኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል» አለና ሳቀ። ሲስቅ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ወይ ጣጣ! እሷ እንደሆነ አንገቱን ሰበር ሲያደርግ ነው ያለቀላት።

ከመሄዱ በፊት ሦስት ቀን መጣ። በሦስተኛው ቀን እጅጌውን ሰብስቦ አብሯት ብረት ሲያጥብ ዋለ። ብዙም አላወሩም። አንድ ጊዜ ሁለቱም እኩል ወደ ብሩሹ እጃቸውን ሰደዱና እጅ ለእጅ ተጋጩ። ሁለቱም «ይቅርታ» አሉ። በቃ፣ ያቺን «ይቅርታ» ይዛ ነው አሥራ አራት ወር የኖረችው።

እንደ ሰው ደውላ እንዳታወራው ስልኩን አትጠይቅ ነገር፣ ምን ብላ? መርከቡም ቢሆን ከኢሜይል ሌላ አይደርሰውም። እናትየው፣ ወይዘሮዋ፣ ደግሞ ሕግ አውጥተዋል። «ሪፖርቱ በእኔ በኩል ያልፋል። ለእኔ አፍ አታብዢብኝ፤ የምትይውን ጻፊው፣ እኔ አልክለታለሁ።» እናላችሁ በየስድስት ሰባት ሳምንቱ ማክሰኞ ቀን ጋሽ ፍሬን እየመጣ የልኬት ወረቀት ይወስዳል። ፊት ለፊቱ ቁጥር ነው። የምላጩ ውፍረት ይህን ያህል፣ ምላጩ የሚሽከረከርበት ቤት ጭረት ይህን ያህል፣ የሞላው ከፍታ ይህን ያህል።

ጀርባውስ?

ጀርባው ባዶ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ገልብጣ አየችው፣ ግራ ቀኟን ቃኘች፣ ከዚያ አንድ መስመር ጻፈች። «ጋራዡ ጸጥ ሲል ሳቅህ ይመጣብኛል።» ብዕሩን ጥላ ተነሳች፤ ልታቃጥለው ነበር። ጋሽ ፍሬን ጡሩምባውን ነፋና ተሯሩጣ ሰጠችው።

መልሱ በሳምንቱ መጣ፣ በጋሽ ፍሬን አፍ። «‹ደርሶኛል፣ ጥሩ ነው፣ ቀጥይ› ብሏል።»

ቀጥይ! እሷ ምን ታድርግ? ቀጠለች። በአራተኛው ወረቀት፣ «ዛሬ ስድስቱን ምላጮች ሰካሁ። እንዳይወድቁ ቫዝሊን ይይዛቸዋል። እኔን ማን ይያዘኝ?» ብላ ጻፈች። መልሱ «ደርሶኛል፣ ጥሩ ነው፣ ቀጥይ» ሆነ። እየዋለ እያደረ ግን ያ ቃል እየቀዘቀዘባት መጣ። ሰው ልቡን ዘርግቶ ሰጥቶት «ጥሩ ነው» ይላል? ዘጠነኛውን ወረቀት ጻፈች። ሥራው አልቆ ነበር። መኪናዋን አስረከበችና ቤቷ ገብታ ሬዲዮውን አጠፋችው። ያን ቀን የራሷንም ድምፅ ልትሰማ አልፈለገችም።

አሁን የመሣሪያ ሳጥኗን አንጠልጥላ አጥሩን ይዛ ስትሄድ፣ ባትሪ ሻጯ ከሱቋ ብቅ አለች።

«መጣ አሉ!»

«መኪና ተበላሽቶ ነው የምሄደው።»

«ታዲያ ፀጉርሽን ምን አስፈታሽ?»

እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። እውነትም ሳታውቀው ፈትታዋለች። እዚያው መንገድ ላይ ቆማ በንዴት መልሳ አሰረችው፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

ግቢው ውስጥ ቢጫዋ በሳሙና ታጥባ ታብረቀርቃለች። ዝቅ ያለች ናት፤ መሬቱን የምትልስ ነው የምትመስለው። ካፒቴን አጠገቧ ቆሟል። ከስቷል፣ ፀሐይም አክስሎታል። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ እሱ ቀድሞ ወደ ጎማው አየ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና።»

አሥራ አራት ወር ተጠብቆ የወጣው ይሄ ነው!

ወይዘሮዋ ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከበረንዳው ወረዱ። «መጣሽ? በይ እይው ሥራሽን። ልጄ ለነገው ውድድር ስሙን አስመዝግቦ ነው የመጣው። አምስት ቀን ናት ፈቃዱ። አምስት ቀን! እኔን እንኳ በቅጡ ሳያየኝ ለዚች ቆርቆሮ ነው የመጣው፣ እሷም ድርቅ አለች።»

«እማዬ፣ ተዪአት፣ ትይ።»

ቫዝሊን ኮፈኑን ከፈተች። ሽታው ብቻ ነገራት፤ ቤንዚን፣ ቤንዚን። ቀና አለች።

«ከዛሬ በፊት ማን አስነስቷት ነበር?»

ጋሽ ፍሬን ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ ነኝ፣ ትናንት። እትዬ ‹ልጄ አቧራ ላይ እንዳያገኛት፣ እጠባት› ሲሉኝ ከመጠለያው አወጣኋት። ሦስት ሜትር! እግዜር ያሳያችሁ፣ ሦስት ሜትር! በእግር እንኳ ይፈጥናል።»

«ከዚያስ?»

«አጠፋኋታ። ውሃ ልረጭባት አይደል እንዴ?»

«ሳትሞቅ?»

«ሦስት ሜትር ምን ያሞቃል?»

ቫዝሊን ሳቋ መጣባት፣ ዋጠችው። «አልሞተችም። ቤንዚን ጠጥታ ሰክራ ነው። ይሄ ሞተር ብርድ እያለው ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ ሆዱ በቤንዚን ይሞላል፤ ዘይቱን ያጥበዋል፤ ከዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንዴ ከተነሳ ሳይሞቅ አይጠፋም። አዲስ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።»

«ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም?» አሉ ወይዘሮዋ። «ዝም ተብሎ ይሰጣል?»

«አፍ አታብዢ ስላሉኝ ጻፍኩት፣ እትዬ። ዘጠነኛው ወረቀት ላይ። ፊቱ በቁጥር ስለሞላ ጀርባው ላይ ነው፣ ከላይ።»

«የምን ጀርባ?» አለ ካፒቴን።

አንዴ እናቱን፣ አንዴ ቫዝሊንን አየ።

«ዘጠኙም ወረቀት በኢሜይል ደርሶኛል፣ በቃሌ ነው የማውቃቸው። ጀርባ የላቸውም። ሁሉም አንድ አንድ ገጽ ናቸው።»

ቫዝሊን ወደ ወይዘሮዋ ዞረች። ወይዘሮዋ ደግሞ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያዩ ነበር። ከዚያ ዞረው ወደ ቤት ገቡ። የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ኮሪደሩን ይዞ ሄደ፣ ሄደ፣ ጠፋ። ጋሽ ፍሬንም ማንም ያላንኳኳውን በር ልክፈት ብሎ ወደ መግቢያው ሮጠ።

ልጅቷ መፍቻዋን እንደ ጨበጠች ደርቃ ቀረች። አላነበበም። ዘጠኝ ጊዜ እምቢ አላላትም፤ ጭራሽ አልሰማትም። ደስ ይበላት ወይስ ትፈር? ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት።

«ግባና መሪው ጋ ተቀመጥ» አለችው በመጨረሻ። «ይሄ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

ገባ። የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ ነቀለች፣ እሳት የሚጭሩትን አራቱን ካንዴላዎች ፈታች። ኮፈኑ በመሃላቸው ቆሟል። እሱ ቢጫውን ቆርቆሮ ብቻ ያያል፣ እሷ ደግሞ ምንም አታይም። ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣላት፣ እንደ ሬዲዮው።

«እግርህን እስከ ወለሉ ድረስ ርገጥ። አዙር ስልህ አዙር፣ በቃ ስልህ ተው።»

«እሺ። ጀርባው ላይ ምን ነበር?»

«ስለ ሞተሩ።»

«ሌላስ?»

«አዙር!»

ማስነሻው ሞተሪኖ ጮኸ፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ቤንዚኑ ፊጭ ፊጭ እያለ ወጣ።

«በቃ!»

«ስለ ሞተሩ ብቻ ከሆነ እናቴ ለምን ሸሸች?»

«አዙር!»

«አሁን በቃ አልሽ እኮ!»

«እንደገና አዙር!»

ጮኸ። ቆመ። ካንዴላዎቹን በጨርቅ ታሻለች፣ የደረቁትንም ደግማ ታሻለች።

«ወረቀቶችሽን አትሜ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌያቸዋለሁ» አለ ድምፁ። «ዘጠኝ ወረቀት ቁጥር። አብሮኝ የሚያድረው ሰውዬ አብደሃል ይለኛል። ሌላው የሚስቱን ፎቶ ይሰቅላል፣ እኔ የሞላ ከፍታ። ምን ልበለው? የሷ እጅ ጽሑፍ ነው እንዳልለው የማን ናት ይለኛል። የማንም አይደለሽማ።»

እጇ ቆመ።

«ሦስተኛው ላይ አንድ ቁጥር ሰርዘሽ እንደገና ጽፈሻል። ሰባት ብለሽ፣ ሰርዘሽ፣ አራት። አንቺ አትሳሳቺም። ለምን እንደ ሰረዝሽው ስንት ጊዜ አሰብኩት።»

«እያለቀስኩ ነበር» አለች። ከአፏ አመለጣት። «መለኪያው ማይክሮሜትር አልታይ ብሎኝ ነው።»

«ለምን?»

«አዙር።»

«አላዞርም።»

«አዙር እኮ ነው የምልህ!»

«አላዞርም። ለምን ነበር የምታለቅሺው?»

ኮፈኑን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ካልያዘችው የምትወድቅ መሰላት። «ብቻዬን ስለሆንኩ! ብቻዬን መሆኑ አይደለም፣ እሱንስ ለምጄዋለሁ። አንተ ሦስት ቀን መጥተህ አስረሳኸኝና ሄድክ። ከዚያ በኋላ እንደገና መልመድ አቃተኝ። ብረት ስፈታ የማወራው ለአንተ ነው። ቁጥር ስጽፍ ለአንተ ነው። ባሕሩ ይርቃል፣ አጥራችሁ ግን ከባሕሩም ይርቃል። እና እኔ ምን አለኝ? የወረቀት ጀርባ። እሱንም ‹ጥሩ ነው፣ ቀጥይ› አልከኝ።»

ይህን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም፣ እስከዚያች ደቂቃ።

የነጠላ ጫማው ድምፅ ተመለሰ። ወይዘሮዋ ወረቀቶቹን ደረታቸው ላይ አቅፈው መጡ፤ ዘጠኙንም፣ በክር የታሰሩ። ቫዝሊን እንዲህ ያረጁ ሆነው አይታቸው አታውቅም። ማጠፊያቸው ተበልቷል፣ ጠርዛቸው ለስልሷል።

«የፊቱን ብቻ ነው ስካን አስደርጌ የላክሁለት» አሉ። አንገታቸውን ደፍተዋል። «መጀመሪያ ያስቀረሁት ተናድጄ ነው። መኪና ሥር የምትተኛ ልጅ ለኔ ልጅ እንዲህ ትጽፋለች ብዬ። ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ እስቲ ምን ትላለች ብዬ ገለበጥኩት። ከዚያ ወዲያ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞን መጠበቅ ጀመርኩ። ባለቤቴ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሮኝ ሲኖር የጻፈልኝ ‹በር ቆልፊ› የሚል ብቻ ነው። ማታ አወጣውና አነበዋለሁ። ለኔ እንደተጻፈ አድርጌ።»

«እማዬ...»

«ዝም በል፣ ልጨርስ። ዘጠነኛው ላይ ስለ ሞተሩ የጻፈችውን ዘለልኩት። ከላይ ‹ማስጠንቀቂያ› ይላል፣ ዘልዬ ወደ ታች፣ ወደ ምጠብቀው ነገር ሄድኩ። ይሄው መኪናህን የገደልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አይደለችም።»

በመስኮቱ አሳልፈው ሰጡትና በረንዳው ጥግ ሄደው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ቫዝሊን አየቻቸው። ያን ሁሉ ግቢ፣ ያን ሁሉ ወንበር፣ አንዲት ሴት ጥግ ላይ። ልትጠላቸው ፈለገች፤ አንጀቷ እምቢ አላት።

ክሩ ሲፈታ ሰማች። ከዚያ ወረቀት ሲገለበጥ። አንድ። በየቀዳዳው ጠብታ ጠብታ ዘይት አደረገች። ሁለት። ሦስት፤ ሦስተኛው ላይ ቆየ። ካንዴላዎቹን መለሰች፣ አጠበቀች። አምስት፣ ስድስት። ፊውዙን በቦታው ሰካች። ስምንት። ሥራዋ አለቀባት፤ የምትነካው ነገር አጣች። ዘጠነኛው ላይ ምን እንዳለ ታውቃለች። «ከዚህ በኋላ የምጽፍበት ወረቀት የለኝም። መልሱን በሰው አፍ አትላክብኝ። መጥተህ ፊቴን እያየህ ንገረኝ። ካልፈለግክም መኪናህን ይዘህ ሂድ፣ አልቀየምህም።»

ዘጠኝ።

«አሁን ላዙር?» አለ። ድምፁ ተሰብሯል።

«አዙር።»

ሞተሪኖው ጮኸ፣ ጮኸ፣ አንድ ጊዜ አሳለ። ደግሞ አሳለ። ከዚያ ድንገት ያ ሌላ መኪና የሌለው ድምፅ ተነሳ፣ እንደ ትልቅ ንብ መንጋ፤ ከጭስ መውጫው ማርሚታ ነጭ ጭስ ተግተልትሎ ወጣና ግቢውን ሞላው። በረንዳው ጠፋ፣ አጥሩ ጠፋ፣ ጋሽ ፍሬን «ኧረ ተቃጠለች!» እያለ የሆነ ቦታ ይጮኻል። በር ሲከፈት ሰማች። ከጭሱ ውስጥ ፊቱ ወጣ፣ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ።

«ፊትሽን እያየሁ ነው» አላት። «እፈልጋለሁ።»

እሷ ስንት ነገር አዘጋጅታ ነበር። «እንዳታጠፋት፣ ትሙቅ» ብቻ አለችና በግራሶ እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

አሁን እዚህ ላይ ተቃቅፈው ቢቀሩ ደስ ባለን። ግን አምስት ቀን ናት ፈቃዱ፣ ነገ ደግሞ ሜዳው አለ።

«ነገ ከወሰድካት ትነዳለች» አለችው ጭሱ ሲገፈፍ። «ከዚያ በኋላ ግን አትነዳም። ምላጮቹ ገና ቤታቸውን አልለመዱም። አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ቀስ ተብሎ መነዳት አለባት፤ የዙር መቁጠሪያው ከአራት ሺህ ሳያልፍ።»

መኪናዋን አየ። አሥራ አራት ወር ሲያልመው የኖረው ሜዳ ነው። ስሙ ተመዝግቧል፣ የራስ ቁሩ ሻንጣው ውስጥ ነው። ቫዝሊን ፊቱን አላይም ብላ ዞረች። ምን እንደሚመርጥ ከማየት መርከቡ ላይ ቢሆን ትመርጣለች።

«በጣም ቀስ ተብሎ?»

«በጣም።»

«አንቺም ትመጫለሽ?»

«የዘይቱን ግፊት የሚያይ ሰው ያስፈልጋል» አለች። ውሸቷን ነው። የዘይት መለኪያው ሾፌሩ ፊት ለፊት ነው ያለው።

አራት ቀን ነዱ። ጠዋት ይወጣሉ፣ ከመምሸቱ በፊት ይመለሳሉ፤ ባትሪ ሻጯም በየቀኑ ሰዓቱን ትይዝላቸዋለች። የጭነት መኪና ይቀድማቸዋል፣ አውቶቡስ ይቀድማቸዋል፣ አንድ ጊዜ ብስክሌት ቀድሟቸው ልጁ ዞሮ ሳቀባቸው። ያን ያህል ውብ መኪና እንደዚያ ስትጎተት ሰው ሁሉ ተበላሽታ ነው ይል ነበር። እነሱ ግድ አልነበራቸውም። ማርሽ ሲቀይር እጁ ጉልበቷ አጠገብ ይመጣል፣ ይመለሳል። ስለ ባሕሩ ነገራት፤ ሌሊት ሞተር ክፍል ውስጥ ሲሆን ከጫጫታው ብዛት ጸጥታ እንደሚመስለው። ስለ ሁለቱ ሰሃኖች ነገረችው። አልሳቀም።

ፈቃዱ አልቆ በማግስቱ ጠዋት ሄደ። ለአሥራ አንድ ወር። የኢሜይል አድራሻውን በእጁ ጽፎ ሰጣት፣ «በማንም በኩል እንዳይሆን» ብሎ። ሸኝታ ስትመለስ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አየች። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ይቀራል።

እሱን የምትሞላው እሷ ናት። ከሰዓት በኋላ ጋራዡን ትዘጋና ትወጣለች። የጎን ወንበሩ ባዶ ነው፤ ጉብታ ባገኘች ቁጥር የቀበቶው ዘለበት ካቻ ካቻ ይላል። አንድ ቀን ይሄ ድምፅ አናዷት መኪናዋን አቁማ ባዶውን ወንበር በቀበቶ አሰረችው። የታሰረውን ባዶ ወንበር ስታይ ግን ባሰባት፣ ፈታችው።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋን ልትወስድ ስትመጣ ወይዘሮዋ በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው፤ ቦርሳቸውን አንጠልጥለዋል።

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«የትም አይደል፣ እትዬ። ኪሎ ሜትር ልሞላ ነው።»

«ቦታ አለ?»

«አንድ።»

አገባባቸውን ብታዩ! መጀመሪያ ቦርሳው ገባ፣ ከዚያ አንድ እግር፣ ከዚያ «እናንተዬ ይሄ ወንበር ነው ጉድጓድ?» እያሉ ዱብ አሉ። ከከተማው ሲወጡ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣

«አሁን በቀጥታ ነው የምትጽፊለት» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ጥሩ ነው።» ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። «እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ጥሩ ነው።»

ለካ እሷ አጥር ዘላ ስትገባ እሳቸው ማክሰኞአቸውን አጥተዋል።

«ትናንት ምን ብዬ እንደጻፍኩለት ልንገርዎት?»

ወይዘሮዋ አልዞሩም። ጆሯቸው ግን ቀላ።

«ካልከበደሽ።»

ነገረቻቸው፤ ቃል በቃል፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። በማግስቱም መጡ። ከዚያም በኋላ፣ በየቀኑ። ቀስ እያሉ፣ ሁሉ እየቀደማቸው፣ አንድ ሰው የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች።

ቅዳሜ ከሰዓት ረጅሙ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሳሉ መቁጠሪያው አንድ ሺህ አምስት መቶን አለፈ። ቫዝሊን አየችው። መንገዱ ባዶ ነው። ሞተሩ ከእግሯ ሥር ለስልሶ፣ ሞልቶ፣ ርገጪኝ እያለ ያንጎራጉራል። ይህን ቀን ነበር የምትጠብቀው፤ የሠራችውን ነገር ሙሉ ድምፁን የምትሰማበትን።

እግሯ ግን አልታዘዛትም። አሥር ወር ከሃያ ቀን ይቀራል፣ ከዚህ በኋላ የሚሞላ ኪሎ ሜትር የለም።

«ደረሰ አይደል?» አሉ ወይዘሮዋ። እሳቸውም እያዩት ኖሯል።

«ደርሷል።»

«ታዲያ ለምን አትነጂም?»

ቫዝሊን እግሯን ከቤንዚን መርገጫው ላይ አላላች። ወይዘሮዋ ፊቷን አዩ። ያ ቀለበት የሞላበት እጃቸው መጥቶ ማርሹ ላይ ባለው የግራሶ እጇ ላይ አረፈ፤ ከብዶ፣ ሞቆ።

«ቀስ በይ፣ ልጄ» አሉ። «እኔንም ቤት የሚጠብቀኝ የለም።»